ደብዳቤ ለልጄ፦ ፍሎሪንና አርጎን ሲፈሉ ለምን ተቀራረቡ?

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጥያቄሽ ደርሶኛል። «ፍሎሪን ከሃሎጅኖች ሁሉ ኃይለኛው ከሆነ፣ ኤሌክትሮን ሲቀበል የሚለቀው ኃይል ለምን ከክሎሪን አነሰ?» ብለሻል፤ ሃሎጅኖች የምንላቸው እዚህ ፍሎሪን፣ ክሎሪን፣ ብሮሚንና አዮዲን ናቸው። እመልስልሻለሁ፤ ግን ከደብተርሽ ላይ ያየሁትን አንድ መደባለቅ አስቀድመን እንፍታ። «አዮዲን የመፍላት ነጥቡ ከፍ ያለው በአቶሞቹ መካከል ያለው ቦንድ ጠንካራ ስለሆነ ነው» ብለሽ ጽፈሻል። እንዲያውም ተቃራኒው ነው።

ፍሎሪን የሚፈላው ከዜሮ በታች 188 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ነው፤ አርጎን ደግሞ ከዜሮ በታች 186 ላይ። አንዱ ያገኘውን ሁሉ ያጠቃል፣ ሌላው ማንንም አይነካም፤ ሲፈሉ ግን ልዩነታቸው 2 ዲግሪ ብቻ ነው። ፈሳሽ ሲፈላ የሚላቀቀው ሞለኪውል ከሞለኪውል ነው እንጂ አቶም ከአቶም አይደለም። የፍሎሪን ጥንድ አቶሞች ጋዝም ሆነው እንደተጣመሩ ናቸው። ሞለኪውሎቹን ፈሳሽ አድርጎ የሚያቆያቸው ደካማ ስበት ነው፤ የአንዱ የኤሌክትሮን ደመና ለቅጽበት ወደ አንድ ወገን ሲያጋድል፣ የጎረቤቱንም ያጋድለዋል። የፍሎሪን ሞለኪውልም የአርጎን አቶምም 18፣ 18 ኤሌክትሮን አላቸው፤ ስለዚህ ስበታቸው ተቀራረበ።

በፔሪዮዲክ ሰንጠረዡ ከፍሎሪን ወደ ታች ስትወርጂ ደመናው ይገዝፋል፣ ይለሰልሳል፣ በቀላሉም ያጋድላል። ክሎሪን ከዜሮ በታች 34፣ ብሮሚን ከዜሮ በላይ 59፣ አዮዲን ከዜሮ በላይ 184 ዲግሪ ላይ ይፈላሉ፤ በክፍል ሙቀት ፍሎሪንና ክሎሪን ጋዝ፣ ብሮሚን ፈሳሽ፣ አዮዲን ጠጣር የሆኑት ለዚህ ነው። ሂሊየም ከዜሮ በታች 269፣ ዜኖን ከዜሮ በታች 108 የሆኑትም በዚሁ ምክንያት ነው። የኤሌክትሮን ቁጥርን ብቻ ግን ሕግ እንዳታደርጊው። ክሪፕቶን 36፣ የክሎሪን ሞለኪውል 34 ኤሌክትሮን አላቸው፤ ክሪፕቶን ግን የሚፈላው ከዜሮ በታች 153 ላይ ነው። ሁለት አቶም ያለው የረዘመ ደመና ከድቡልቡሉ ይልቅ በቀላሉ ይለጠጣል።

የአዮዲን ቦንድማ ከአራቱም ደካማው ነው፤ ለአንድ ሞል 151 ኪሎጁል። የክሎሪን 242፣ የብሮሚን 193 ነው። የፍሎሪን ግን 158 ብቻ ነው፤ ሰልፉን ያፈረሰውም እሱ ነው። አቶሞቹ ትንንሾች በመሆናቸው በጣም ይቀራረባሉ፤ ያልተጣመሩት ኤሌክትሮኖቻቸው ፊት ለፊት ይገፋፋሉ፣ ቦንዱም ይላላል።

የጥያቄሽ መልስም እዚሁ ትንሽነት ውስጥ ነው። አዲስ የሚገባው ኤሌክትሮን ፍሎሪን ላይ ቦታ ይጠበዋል፣ ነባሮቹ ይገፉታል፤ ስለዚህ የሚለቀቀው 328 ኪሎጁል ሲሆን የክሎሪን 349 ነው። ነገር ግን ኃይለኝነት በዚህ አንድ ቁጥር አይለካም። በውሃ ውስጥ አንድ ሞል አዮን ለማግኘት ሦስት ሂሳብ አለ፦ ቦንዱን ለመስበር ከሚጠይቀው ኃይል ግማሹን ትከፍያለሽ፣ ኤሌክትሮን ሲገባ ኃይል ይገኛል፣ አዮኑን ውሃ ሲከበው ደግሞ ሌላ ይገኛል። ለፍሎሪን 79 ትከፍያለሽ፣ 328 ታገኛለሽ፣ ከውሃውም ከ500 በላይ። ለክሎሪን 121 ትከፍያለሽ፣ 349 ታገኛለሽ፣ ከውሃው 370 ገደማ። ስትደምሪው ፍሎሪን ወደ 750፣ ክሎሪን ወደ 600 ይመጣሉ። በ21 ኪሎጁል የተበለጠው፣ ርካሽ ቦንዱና ውሃ አጥብቆ የሚይዘው ትንሹ አዮን ካሱት።

ስለ ኖብል ጋዞች፣ ማለትም ስለ ሂሊየም፣ አርጎን፣ ዜኖንና ወገኖቻቸው፣ «የውጭ ኤሌክትሮናቸው 8 ስለሞላ ከምንም ጋር አይዋሃዱም» ያልሽውን ሰርዢው። ከእነሱ ኤሌክትሮን ለመንጠቅ ለአንድ ሞል ሂሊየም 2372፣ ኒዮን 2081፣ አርጎን 1521፣ ክሪፕቶን 1351፣ ዜኖን 1170 ኪሎጁል ይጠይቃሉ። ኬሚስቱ ኒል ባርትሌት በ1962 ይህን ሰልፍ አይቶ ነው ዜኖንን የደፈረው። ፕላቲኒየም ሄክሳፍሎራይድ ከኦክስጅን ሞለኪውል ኤሌክትሮን እንደሚነጥቅ አረጋግጦ ነበር፤ የኦክስጅኑ ዋጋ ከዜኖን ጋር እኩል ለማለት ይቻላል። ይህን ቀይ የሄክሳፍሎራይድ ጋዝ ቀለም ከሌለው ዜኖን ጋር ሲያገናኘው ወዲያው ብርቱካናማ ቢጫ ጠጣር ወጣ።

አሁን ወደ ላብራቶሪው፤ ኃይለኛው ሃሎጅን ደካማውን ከጨው ውስጥ አስወጥቶ ሲተካው ለማየት። 2 ሚሊ ሊትር 0.1 ሞላር ፖታሲየም አዮዳይድ ቴስት ቲዩብ ውስጥ ጨምሪና የክሎሪን ውሃ በጠብታ አክይበት። ቡናማ ይሆናል። 1 ሚሊ ሊትር ሄክሴን (ከውሃ ጋር የማይደባለቅ ፈሳሽ) ጨምረሽ፣ ከድነሽ ናጪውና አቁሚው፤ ከላይ የሚንሳፈፈው ሐምራዊ ከሆነ አዮዲን ነው፣ ብርቱካናማ ከሆነ ብሮሚን። ሄክሴን እሳት ይስባል፤ ነበልባል አጠገብ አይሁን። ክሎሪኑን ካበዛሽው ቡናማው ይጠፋና ምንም ያልሆነ ይመስልሻል፤ የጠፋው አዮዲኑ ራሱ ወደ አዮዴት ስለተለወጠ ነው። የክሎሪን ውሃ ብርሃን ላይ ከሰነበተም ይሞታል፤ በጥቁር ጠርሙስ ይቀመጥ፣ በዕለቱም ይዘጋጅ። በረኪና ላይ አሲድ ጨምረሽ ክሎሪን ላውጣ እንዳትይ፤ ጋዙ በአንዴ ይወጣል፣ ሳንባ ያቃጥላል።

ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው የአዮዲን ውሃን ፖታሲየም ብሮማይድ ላይ ሲጨምር ነው። ቡናማ ያያል፣ «ተተካ» ብሎ ይጽፋል። ቡናማው ግን የጨመረው አዮዲን ነው። በተራ ውሃ ላይ ያንኑ ያህል የተጨመረበት ሌላ ቲዩብ አጠገቡ አቁሚ፤ ሁለቱም የሄክሴን ንብርብሮች ሐምራዊ ከሆኑ ምንም አልተተካም።

ውሃ ውስጥ ያለው የትኛው ሃላይድ (የሃሎጅን አዮን) እንደሆነ ለሚለየው የሲልቨር ናይትሬት ሙከራ መጀመሪያ ጥቂት የተበረዘ ናይትሪክ አሲድ ጨምሪ፤ አለዚያ ካርቦኔት ካለ እሱም ይዘቅጥና ያሳስትሻል። የጨመርሽው ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ከሆነማ ክሎራይዱን ራስሽ አመጣሽው ማለት ነው። ክሎራይድ ነጭ፣ ብሮማይድ ክሬም፣ አዮዳይድ ቢጫ ዝቃጭ ይሰጣሉ። ቀለሙን ወዲያው መዝግቢ፤ ብርሃን ሲያገኘው ይጠቁራል። ክሬሙንና ቢጫውን በዓይን ብቻ አትፍረጂ፤ የተበረዘ አሞኒያ ጨምሪ፣ ነጩ ይሟሟል። የቀረውን የተከማቸ አሞኒያ ላይ ሞክሪው፣ በጭስ መምጫው ስር ሆነሽ። ከሟሟ ብሮማይድ ነው፤ እንቢ ካለ አዮዳይድ።

እናትሽ