የሳይንስና ቴክኖሎጂ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ስልሳው ከመቶ ከየት መጣ?

ክበባችን ሌላ ጊዜ ከዚም ከዚያም ትንሽ ትንሽ እየነካካ ነበር የሚሄደው፣ ዘንድሮ ግን ልጆቹ ራሳቸው አንድ ርዕስ መርጠው ዓመቱን ሙሉ እሱ ላይ ቆዩ፣ ለኢንዱስትሪ ዞን ኃይል የሚሰጥ በተፈጥሮ ጋዝ የሚሰራ ኮምባይንድ ሳይክል (ጋዝ ተርባይንና ስቲም ተርባይን አጣምሮ የሚጠቀም) ማመንጫ። ብዙ ወላጆች "ልጄ ቤት መጥቶ የሚያወራው ስለ ተርባይን ብቻ ሆነ" ስላሉኝ ምን ስንሰራ እንደከረምን ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

ጋዝ ተርባይን የጄት ሞተር ዘመድ ነው፣ አየር ይስባል፣ ኮምፕረሰሩ ያምቀዋል፣ ጋዙ እዛ ውስጥ ይቃጠላል፣ የጋለው አየር እየሰፋ ብሌዶቹን (የተርባይኑን ክንፎች) ገፍቶ ጄኔሬተሩን ያዞራል። ልጆቹን ያስደነገጣቸው ተርባይኑ ከሚያወጣው ጉልበት ግማሽ ያህሉን የራሱ ኮምፕረሰር መብላቱ ነው። በዛ ላይ በአዳዲሶቹ ትልልቅ ማሽኖች የመጀመሪያዎቹ ብሌዶች ጋር የሚደርሰው ጋዝ 1500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይሆናል፣ ብሌዱ የተሰራበት የኒኬል ቅይጥ ግን ከዛ በታች ነው የሚቀልጠው። ታድያ እንዴት ይቋቋማል? ውስጡ ቀጫጭን ቱቦዎች አሉት፣ ከኮምፕረሰሩ የተቀነሰ አየር በነሱ እያለፈ ያቀዘቅዘዋል፣ ላዩም ሙቀት የሚከላከል ሴራሚክ ተቀብቷል።

ትልቁ ክርክር የተነሳው ከተርባይኑ በሚወጣው ጋዝ ላይ ነው። ስራውን ጨርሶም 600 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ኮምባይንድ ሳይክል ማለት እንግዲህ ይሄን ሙቀት ሳይለቁ በቦይለር አሳልፎ ውሃ አፍልቶ በስቲሙ (በእንፋሎቱ) ሌላ ተርባይን ማዞር ነው፣ ተጨማሪ ጋዝ ሳይቃጠል። ታድያ ከነዳጁ ጉልበት ስንት ከመቶው ኤሌክትሪክ ይሆናል? አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ ሰሌዳ ላይ ወጥቶ "ጋዝ ተርባይኑ 40 ከመቶ፣ ስቲም ተርባይኑ 35፣ ድምር 75" ብሎ ጻፈ፣ ግማሹ ክፍልም ተስማማ። ከኋላ የተቀመጠች የ9ኛ ክፍል ልጅ "ቲቸር፣ እሱ እኮ 35ቱን ያሰላው ከመቶው ነው፣ ስቲሙ ጋ የደረሰው ግን የተረፈው 60 ብቻ ነው" አለች። ወጣችና 60ን በ0.35 አባዝታ 21 አገኘች፣ 40 ስትደምርበት 61። እኔ ምንም አልጨመርኩም፣ ምክንያቱም ምርጥ የሚባሉት ማመንጫዎች በእውነትም እዛው አካባቢ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1939 ስዊዘርላንድ ኑሻቴል ውስጥ የተተከለው የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ጋዝ ተርባይን 4 ሜጋ ዋት ሆኖ ውጤታማነቱ 17 ከመቶ ገደማ ነበር፣ በ2016 ፈረንሳይ ቡሻን ላይ የተመረቀው ኮምባይንድ ሳይክል ደግሞ 62 ከመቶ አልፏል። ልጆቹ ይሄን ግድግዳ ላይ በግራፍ ሰርተው ለጥፈውታል፣ እለፉና እዩት።

ከሙከራዎቹ ሁሉ የወደድኩት የኮንደንሰሩን (ስቲሙን አቀዝቅዞ ወደ ውሃ የሚመልሰውን ክፍል) ነው። ባዶ የለስላሳ ቆርቆሮ ውስጥ ትንሽ ውሃ ጨመርን፣ እሳት ላይ አድርገን አፉ በእንፋሎት እስኪሞላ ጠበቅን፣ ከዛ በመቆንጠጫ ይዘን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በአፉ ደፋነው፣ ቷ ብሎ ጭምድድ አለ። ያጨማደደው የውጭው አየር ነው፣ እንፋሎቱ ወደ ውሃ ሲመለስ ውስጡ ባዶ ስለቀረ። ማመንጫው ውስጥም ከስቲም ተርባይኑ ስር እንደዛ አይነት ቫክዩም አለ፣ ስቲሙ እስከ መጨረሻው ሰፍቶ ጉልበቱን የሚሰጠው በሱ ምክንያት ነው። የማቀዝቀዣ ውሃው ሲሞቅ ቫክዩሙ ይቀንሳል፣ ሜጋ ዋቱም አብሮ ይወርዳል።

ፋብሪካዎቹስ? እዚህ ጋ ልጆቹ "ለምን ከጎናቸው ይተከላል፣ መብራት በሽቦ ይሄድ የለ" ብለው ጠየቁ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ኤሌክትሪክ ሩቅ ይሄዳል፣ ስቲም ግን በቱቦ ብዙ ሲጓዝ ይቀዘቅዛል። የወረቀት፣ የጨርቃጨርቅ፣ የምግብ ፋብሪካ ደግሞ ስቲም ይፈልጋል፣ ስለዚ ማመንጫው ቅርብ ከሆነ ከተርባይኑ መሃል ስቲም ቀንሶ ይልክላቸዋል፣ ኤሌክትሪኩ ትንሽ ቢቀንስም ከነዳጁ ጥቅም ላይ የሚውለው 80 ከመቶ ሊያልፍ ይችላል። የመስታወት ፋብሪካ ደግሞ ጭንቀቱ ሌላ ነው፣ ምድጃው ከቀዘቀዘ መስታወቱ እዛው ይደርቅበታል፣ ለሱ የመብራት መቆራረጥ ማለት ኪሳራ ነው። ጋዝ ተርባይኑ በደቂቃዎች ውስጥ ሊነሳ ይችላል፣ የስቲሙ ክፍል ግን ወፍራም ብረት ስለሆነ ቶሎ ካሞቁት ይሰነጠቃል፣ ቀስ ተብሎ ነው የሚነሳው፣ ኦፕሬተሮቹን የሚያስጨንቃቸውም ይሄ ነው።

ስለ አየር ብክለቱም ዝም አላልንም። ኮምባይንድ ሳይክል ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ከ350 እስከ 400 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፣ ከድንጋይ ከሰል ግማሽ በታች ማለት ነው፣ ግን ዜሮ አይደለም፣ ጭስ ስላልታየ ንጹህ ነው ማለትም አይቻልም፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአይን አይታይም። ከማቀዝቀዣ ማማው የሚወጣው ነጭ ነገር ደግሞ የውሃ ጠብታ ነው። ከሁሉ የሚከብደው ሚቴን ነው፣ የተፈጥሮ ጋዙ ዋና ክፍል ማለት ነው፣ ሳይቃጠል ከቱቦ ካፈተለከ በ20 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ80 እጥፍ በላይ ያሞቃል፣ ብዙ ካፈሰሰ ጋዙ በከሰል ላይ ያለው ብልጫ ይጠፋል። ልጆቹ ስንት ከመቶ ሲያፈስ እንደሚጠፋ ማስላት ጀምረው ፈተና ደረሰባቸው።

እሱን የ11ኛ ክፍሎቹ በሚቀጥለው ዓመት ይጨርሱታል። ሁለት ነገር ግን ይቸግረናል፣ እስከ 300 ዲግሪ የሚለካ ቴርሞሜትርና ከተቻለ አሮጌ የመኪና ተርቦ፣ ልጆቹ ፈተው የብሌዱን ቅርጽ እንዲያዩት። ያላችሁ ወላጆች ላብራቶሪ ብታመጡልን በጣም ደስ ይለናል።