ይድረስ ለልጄ፦ ስለዚያች ልጅ ፊት

ይድረስ ለተወደድሽው ልጄ። ለጤናሽ እንዴት ሰነበትሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ የእናትሽም ጉልበት ክረምቱ ከወጣ ወዲህ ተሽሏታል።

በስልክ ስንነጋገር አንቺ ቶሎ ታለቅሻለሽ፣ እኔም ቶሎ እቆጣለሁ፤ ስለዚህ መጻፉን መረጥሁ። ባለፈው ሰኞ አክስትሽ ከገበያ ስትመለስ ጎራ ብላ፣ አዲስ አበባ ለምትረጂው የሕፃናት ማሳደጊያ ገንዘብ ለማሰባሰብ የለቀቅሽውን ቪዲዮ አሳየችኝ። እርሷ ኮርታብሽ ነበር። ልጄ ከደመወዟ ቀንሳ፣ የዕረፍት ቀኗን ትታ ለወላጅ አልባ ልጆች መቆሟ እኔንም ደስ አሰኝቶኛል፤ ይህን አስቀድመሽ እወቂልኝ። ነገር ግን ያቺ ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው የምላት ልጅ፣ ጠጉሯ በአንድ ወገን ተሠርቶ በሌላው ወገን እንደ ተበተነ፣ እናቷ እንዴት እንደ ሞተች ስትጠየቅና ስታለቅስ ባየሁ ጊዜ ቀሪውን ማየት አልቻልሁም። የልጅ ፊት ለገንዘብ አታውጪ። ይህን ደብዳቤ አንብበሽ እንደ ጨረስሽ ቪዲዮውን አጥፊው፤ ለነገ አታሳድሪው።

ፊት ያላየ ሰው እጁን አይዘረጋም እንደምትይኝ አውቃለሁ፤ ሐሰት ነው ብዬም አልከራከርሽም። በ1977 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ከኮረም የወጣው የረሃቡ ፊልም ዓለምን አስለቅሶ እህል አስመጥቷል፤ እኔም በዚያ ዘመን በደሴ መጠለያ የእርዳታ ስንዴ ንፍሮ በልተው ከተረፉት ልጆች አንዱ ነኝ። ያን ጊዜ ግን ሞት ደጃፍ ላይ ቆሞ ነበር። ዛሬ እናንተ የጎደላችሁ ጤፍ፣ ዘይት፣ ሳሙናና ደብተር ነው፤ ለዚህ ደግሞ የወጪውን ዝርዝርና የሚያፈሰውን ጣሪያ ማሳየት ይበቃል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ መጥተው፣ በረሃብ ከሞተች እናት ጡት ላይ ያገኟትን ሕፃን ይዘው የተመለሱት አበበች ጎበና፣ ትዳራቸውን እስከ ማጣት ደርሰው፣ ምግብ እያዘጋጁ እየሸጡ ነበር ልጆቹን ማሳደግ የጀመሩት። ልፋቱን በራሳቸው ጫንቃ ላይ አደረጉት።

አሁን ነግሬሽ የማላውቀውን ልንገርሽ። ትንሽ ሳለሽ እየተጫወትሽባት የቆጣሁሽ፣ በመሳቢያዬ ያለችው ነጭ የሸሚዝ ቁልፍ የማን እንደ ሆነች ብዙ ጊዜ ጠይቀሽኝ ነበር። በ1991 ዓ.ም. በእኛ ቅሬ (በእድራችን) አስተባባሪነት ለአንድ የሕፃናት ማሳደጊያ ገንዘብ ስናሰባስብ፣ መምህር ስለ ነበርሁ ዝግጅቱን የመራሁት እኔ ነኝ። ሕዝቡ እንዲያዝን ብዬ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ መድረክ ላይ አወጣሁ፤ የተዋሰውን ሸሚዝም ያለበስሁት እኔው ነበርሁ። እናቱ እንዴት እንደ ሞተች ንገራቸው አልሁት። በአንድ እጁ ማይክሮፎኑን ይዞ፣ በሌላው የሸሚዙን ቁልፍ ያጠማዝዝ ጀመር፤ «እናቴ በረንዳ ላይ ሞተች» ባለ ጊዜ ክሩ ተበጥሶ ቁልፏ እግሬ ሥር ወደቀች። ሕዝቡ አለቀሰ፤ በዚያው ቀን ከ11,000 ብር በላይ ተሰበሰበ፤ እኔም ተመሰገንሁ። ከዚያ በኋላ የትምህርት ቤት ጓደኞቹ ስሙን ትተው «በረንዳ» ብለው ይጠሩት ጀመር። ሰባተኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን ተወ። ሁለት ጊዜ ሄጄ ለመንሁት፤ አንገቱን ደፍቶ ከመስማት በቀር አንድ ቃል አልመለሰልኝም። ዛሬ ኮምቦልቻ መኪና ይጠግናል። ስንገናኝ በአክብሮት ሰላም ይለኛል፤ ቤቴ ግን ስንት ጊዜ ብጠራው አንድ ቀን ገብቶ ቡና ጠጥቶ አያውቅም። ይቅርታ ጠይቄው አላውቅም፤ የምጀምርበት ቃል አጣሁ። ልጄ ሆይ፣ የልጅ ፊት ለገንዘብ አታውጪ፤ ገንዘቡ በዓመቱ ያልቃል፣ ስሙ ግን ከልጁ ጋር ያድጋል።

ደግሞ ሌላ ነገር። ገንዘቡ በአንቺ የግል ሒሳብ እንደሚገባ አክስትሽ ነገረችኝ፤ ይህም ይቁም። በማሳደጊያው ስም ሒሳብ ይከፈት፤ ሦስት ሰዎች ይፈርሙበት፣ ለእያንዳንዱ ብር ደረሰኝ ይቆረጥ። የእኛ ቅሬ ጸሐፊ መዝገቡን በአባላቱ ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ እንደሚያነበው፣ እናንተም የገባውንና የወጣውን በየወሩ ለሰጪዎቹ አሳውቁ። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢው ከ20 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ ስንቱ ለቢሮ፣ ስንቱ ለልጆቹ እንደሚውል ኃላፊዎቹን ጠይቂ። አትፈሪ። ከልጆቹም መካከል አያት ወይም አክስት ያላቸው እንዳሉ አጣሪ፤ አንዲት አያት ለልጅ ልጇ ቀለብና ደብተር ብትደገፍ ልጁን ራሷ ልታሳድገው ትችል ይሆናል። ለምን እዚያ ገባ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ከሌለ፣ ዘመድ ያለው ልጅ ዘመድ እንደሌለው ሆኖ ያድጋል።

አብሽሪ፣ ልጄ። የተቆጣሁት ልብሽን ስለማውቀው ነው። ጋቢውን ቅዳሜ በሚመጣው ሰው እልክልሻለሁ፤ የአዲስ አበባ ብርድ ሳይበረታ ተቀበይው። ቅሬው 6,000 ብር ወስኗል፤ ሒሳቡ ሲከፈት ቁጥሩን ላኪልኝ፣ ከዚያ በፊት ግን ሳንቲም አይላክም። እንደገና እልሻለሁ፣ የልጅ ፊት ለገንዘብ አታውጪ። እሑድ ወደ ማሳደጊያው ስትሄጂ ስልክሽን ከቦርሳሽ አታውጪው። እናትሽ ሹሩባ አስተምራሽ የለ? ከዚያች ልጅ አጠገብ ተቀመጪና የቀረውን ጠጉሯን ሥሪላት፤ ስለ እናቷም አንዳች አትጠይቂያት።

አባትሽ፣ ከደሴ