የስኳር ድንቹ ውስጥ ምን ቀለም ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

ስለ ቫይታሚን ኤ እጥረት ሲነሳ ወሬው ሁሉ ለሕፃናት በየ6 ወሩ በሚሰጠው እንክብል ላይ ያልቃል። እንክብሉ መቋረጥ የለበትም፤ ከ6 እስከ 11 ወር ላለ ሕፃን 100,000፣ ከዚያ በላይ እስከ 5 ዓመት ላለው ደግሞ 200,000 ዓለም አቀፍ ዩኒት ነው። ነፍሰ ጡር ግን ይህን ያህል መጠን በአንድ ጊዜ መውሰድ አይፈቀድላትም፤ ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል። የእሷ ድርሻ ከድስቱ መምጣት አለበት። ሲመሽ በገዛ ቤቷ ዕቃ የሚያደናቅፋት እርጉዝ በቫይታሚን ኤ እጥረት የሚመጣው ዳፍንት (ሲጨልም አለማየት) ይዟት ሊሆን ስለሚችል፣ «የእርግዝና ድካም ነው» ብላ ሳታልፈው ጤና ጣቢያ ትሂድ።

ወደ ድሬዳዋና ሐረር ገበያ የሚወርደው የሐረርጌ ስኳር ድንች በአብዛኛው ውስጡ ነጭ ነው። ነጩ ሆድ ይሞላል እንጂ ቫይታሚን ኤ የለውም ማለት ይቻላል። የልጣጩ መቅላት አያታልለን፤ የሚታየው ሲቆረጥ ነው። እንደ ኩልፎና ቱላ ያሉት ብርቱካናማ ዝርያዎች ግን 125 ግራም ያህሉ፣ ማለትም ሁለት እንቁላል የሚያህለው፣ ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ የቀን ፍላጎቱን ይሸፍንለታል። ለምታጠባ እናት ከዚያ እጥፍ ያስፈልጋታል፤ የጡቷ ወተት የሚይዘው እሷ የበላችውን ነውና።

አሠራሩ ቀላል ነው። ድንቹን አጥቦ ከነልጣጩ፣ ድስቱን ከድኖ፣ እስኪለሰልስ መቀቀል፤ ከዚያ ልጦ መፍጨት። 6 ወር የሞላው ሕፃን በ2 ወይም 3 የሾርባ ማንኪያ ይጀምራል፤ 9 ወር ሲሞላው በአንድ ጊዜ ግማሽ ኩባያ ይደርሳል። በእናት ጡት ወተት ማላላት ይቻላል፤ ውኃ አብዝቶ እንደ አጥሚት ማቅጠን ግን ትንሿን ሆድ በውኃ መሙላት ነው። ከማንኪያ ላይ የማይፈስ ይሁን።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ቅባቱ ነው። ወደ ቫይታሚን ኤ ከሚለወጠው ብርቱካናማ ቀለም ሰውነት ያለ ቅባት የሚወስደው ጥቂት ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ይበቃል፤ የባቢሌ ለውዝ ተቆልቶ በደንብ ደቆ ቢገባበት ደግሞ ቅባትም ፕሮቲንም ይሰጣል። ሙሉ ፍሬው ሕፃን ያንቃል። የሻገተውንና የተጨማደደውን ለቅሞ መጣል ግድ ነው፤ የሻጋታው መርዝ በመቁላት አይጠፋም። ዘይቱንም እንጠንቀቅለት፤ በቫይታሚን ኤ የበለጸገ ዘይት እንኳ በድሬ ፀሐይ ሱቅ ደጃፍ ላይ ከዋለ ቫይታሚኑ በብርሃኑና በሙቀቱ ይበላሻል። ዘይቱን ጥላ ውስጥ የሚያስቀምጥልንን ባለሱቅ እንምረጥ።

ብርቱካናማው እስኪገኝ ዱባ፣ ካሮት፣ ጎመን፣ የበሰለ ማንጎና ፓፓያ አሉ።

ዝርያው ለምን አልተስፋፋም? አንደኛ፣ ልጆች ሲወዱት አዋቂው «ውኃ ውኃ ይላል» ብሎ ይተወዋል፤ እውነትም ከነጩ ይልቅ ዱቄትነቱ ያንሳል። ዋናው ግን ሐረጉ በበጋ ደርቆ መጥፋቱ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ገበሬው የሚተክለው ያጣል። መፍትሔው አሸዋ ነው። ያልቆሰለ፣ መካከለኛ ድንች መርጦ፣ ሳይነካካ በደረቅ አሸዋ ሳፋ ውስጥ ደርድሮ፣ ቀዝቀዝ ባለ ቤት አይጥ እንዳይደርስበት ማኖር። በየወሩ ገልጦ የበሰበሰውን ማውጣት። ዝናቡ ሊገባ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሲቀረው መደብ ላይ ተክሎ ውኃ ማጠጣት ነው፤ ከበቀለው ሐረግ 30 ሴንቲ ሜትር እየቆረጡ ማሳ ላይ ይተክላሉ።

ይህን ለገበሬው በማሳው ላይ የሚያሳይ የግብርና ባለሙያ፣ ድስቱንም ለእናቶች የምታሳይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በአንድ ቀን አብረው ይውጡ ብለን እንጠይቃለን። የድሬዳዋው የከፊራና የሐረሩ የሸዋ በር ገበያ ነጋዴዎችም ሐብሐብ ሻጭ አንዱን ሰንጥቆ እንደሚያሳየው፣ ከስኳር ድንቹ አንዷን ቆርጠው ከክምሩ ላይ ቢያስቀምጡልን ገዢዋ ቀለሙን አይታ ትወስዳለች።

የሥነ ምግብ ባለሙያዎች
ከድሬዳዋ