ፈረደለት ወይስ ፈረደበት፦ የእንግሊዝኛ ክበብ ዘንድሮ

የክበቡን ዓመት ከራሴ ጥፋት ብጀምር ይሻላል። ጥቅምት ላይ፣ ገና በመጀመሪያው ስብሰባ፣ የእንግሊዝኛ ግሶችን ከነመስተዋድዶቻቸው በሦስት ገጽ ዘርዝሬ፣ አባዝቼ ለአባላቱ አደልሁ። «በየሳምንቱ ሃያ ሃያ እያጠናችሁ ኑ» አልኋቸው። በሁለተኛው ሳምንት ግማሾቹ ቀሩ። በሦስተኛው፣ ጉም ከደሴው ጦሳ ተራራ ወርዶ መስኮቱን በሸፈነበት ሐሙስ፣ እኔና ስድስት ልጆች ጃኬታችንን እንደደረብን «ዲፔንድ ኦን፣ ኮንሲስት ኦቭ፣ ቢሎንግ ቱ» እያልን እንደ ዳዊት ስንደግም አመሸን። አንዱ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ ለምን ‹ኦን› ሆነ?» አለኝ። «እንዲሁ ነው» አልሁት። ዕድሜውን በማስተማር የፈጀ ሰው የሚኮራበት መልስ አይደለም።

ነገሩን የገለበጠችው አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት። በ«ስሮው ቱ» እና በ«ስሮው አት» መካከል ያለውን ልዩነት እያስረዳሁ ነበር። ብርቱካን ወርውሮ «ቱ» ያለ ሰው ሌላው እንዲቀልበው ፈልጓል፤ «አት» ካለ ሊመታው ነው። ሰሌዳው ላይ ሰው፣ ብርቱካንና ቀስት እየሳልሁ ስደክም ልጅቱ ከኋላ ወንበር «ወረወረለትና ወረወረበት ማለት አይደለም እንዴ?» አለች። ጠመኔውን አስቀመጥሁ።

እውነትም የእኛ ግስ መስተዋድዱን ጭራው ላይ አስሮ ነው የሚዞረው። ዳኛው ፈረደለት፣ ፈረደበት። ጎረቤቱ መሰከረለት፣ መሰከረበት። ዘሩን ለበተነ ገበሬ ዘነበለት እንላለን፤ እህሉ አውድማ ላይ ላለው ደግሞ ዘነበበት። እንግሊዝኛ ይህንኑ ራሱን ችሎ በቆመ ቃል ይለዋል፦ ለፈረደለት «ሩልድ ፎር»፣ ለፈረደበት «ሩልድ አጌንስት»። ከሩቅ ያለ ሰው እንዲሰማህ ከጮህህ «ሻውት ቱ» ነው፤ ተቆጥተህ ከጮህህበት «ሻውት አት»። ልጆቹ በዚያ ሐሙስ ደወል ከተደወለ በኋላም አልተነሡም። በሚቀጥለው ሳምንት የቀሩት ተመለሱ፤ ሦስቱን ገጽ ግን ማንም አላነሣውም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

ደስታችን ብዙ ሳይቆይ እንቅፋት መታው። «ላፍ አት» ሳቀበት ከሆነ፣ «ስማይል አት» ፈገግ አለበት መሆን ነበረበት። አይደለም፤ ፈገግ አለለት ነው። ስለዚህ «አት»ን ሁልጊዜ ክፉ፣ «ቱ»ን ሁልጊዜ ደግ የሚያደርግ ሕግ ልናወጣ አልቻልንም። ያገኘነው ቢኖር ቃሉን ወዴት እንደሚያመለክት መጠየቅን ነው፤ ሳቁም ፈገግታውም እንደ ቀስት ወደ አንድ ሰው ያነጣጥራሉ፣ መልካምነቱን የሚወስነው ግሱ ነው።

ታኅሣሥና ጥር ያለፉት ሁለቱ ቋንቋዎች የማይገጥሙበትን በመልቀም ነው። እኛ «ስለ ጉዳዩ ተወያየን» ስለምንል «ዲስከስ አባውት» እንላለን፤ ግሱ ግን ምንም አይፈልግም። ስሙ «ዲስከሽን» ሲሆን ነው «አባውት»ን የሚቀበለው፤ ስህተቱ ሥር የሰደደውም በዚህ ይመስለኛል። «ከእርሷ ጋር ተጋባ» ስለምንል «ሜሪ ዊዝ» እንላለን። በተቃራኒው ጠበቅሁት፣ አዳመጥሁት ስንል አንዳች መስተዋድድ ስለሌለን «ዌይት» ከ«ፎር»፣ «ሊስን» ከ«ቱ» ተለይተው ይቀራሉ። እዚህ ላይ መናዘዝ አለብኝ። በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በእንግሊዝኛ የለጠፍሁት የክበቡ ጥሪ «ዲስከስ አባውት» የሚል ነበረበት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ተሰቅሎ ከቆየ በኋላ አንድ ሰው «አባውት»ን በቀይ እስክሪብቶ ሰርዞት አገኘሁ። ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ የአሰራረዙን አኳኋን ግን ከፈተና ወረቀት አውቀዋለሁ።

ከሁሉ የረዘመው ክርክር በየካቲት የተነሣው ነው። ለአድዋ በዓል ጽሑፍ ያዘጋጀ የ11ኛ ክፍል ተማሪ በ1888 ዓ.ም. ራስ ሚካኤል አድዋ ላይ «ፎውት ዊዝ ምኒልክ» ብሎ ጻፈ። ጓደኛው ዘሎ «ምኒልክን ወጉ ነው የምትለው?» አለው። የእኛም «ከእገሌ ጋር ተዋጋ» ያው ሁለት ፊት አለው። በ1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ንጉሥ ሚካኤል ከሸዋ ጦር ጋር ተዋጉ ሲባል ወዳጅነት ያሰበ የለም። በጥንቱ እንግሊዝኛ ደግሞ «ዊዝ» ራሱ «ተቃውሞ» የሚል ትርጉም ነበረው፤ «ዊዝስታንድ» የሚለው ግስ፣ መቋቋም፣ የዚያ ቅሪት ነው። ደሴ ላይ አይጠየፍ አዳራሽን ባሠሩት በእኒሁ ሚካኤል ስም የተነሣ ጠብ በቀላሉ አይበርድምና ጽሑፉ በ«አሎንግሳይድ»፣ ከጎን ተሰልፎ በሚለው፣ ታርሞ እስኪለጠፍ ሁለት ስብሰባ ፈጀብን።

አሁን «ፈጀብን» ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። መኪና መንገድ ላይ ሲቆምብን «ተበላሸብኝ» እንላለን። እንግሊዞች በተራ ንግግራቸው «ብሮክ ዳውን ኦን ሚ» ይላሉ፤ «ኦን ሚ» የእኛው «ብኝ» ናት። ስኳር «አለቀበት» የሚባል ሰው «ራን አውት ኦቭ ሹገር» ነው። ይህን ያመጣው አባቱ የጭነት መኪና የሚያሽከረክር ልጅ ነው፤ ምሳሌ አጥቶ አያውቅም።

መጋቢት ላይ የደረስንበት ግን ለእኔ የዓመቱ ትርፍ ነው። አማርኛ አቅጣጫውን ግሱ ውስጥ ያስቀምጣል። ከደሴ ኮምቦልቻ ይወረዳል፣ ከኮምቦልቻ ደሴ ይወጣል። ልጁ ጦሳን እየሮጠ ወረደ ስንል ዋናው ነገር መውረዱ ነው፤ ሩጫው አጃቢ ነው። እንግሊዝኛ ይገለብጠዋል፦ «ራን ዳውን»። ሩጫው ግስ ሆነ፣ መውረዱ ወደ ትንሿ ቃል ተሸጋገረ። «ራን አፕ» እየሮጠ ወጣ፣ «ራን ኢንቱ» እየሮጠ ገባ፣ «ራን አክሮስ» እየሮጠ ተሻገረ። ለእኛ አራት ግስ የሆነው ለእነርሱ አንድ ግስና አራት ትንንሽ ቃላት ነው። በእነዚህ ቃላት የተቸገርነው እኛ ብቻም አይደለንም፤ በ1755 እ.ኤ.አ. መዝገበ ቃላቱን ያሳተመው ሳሙኤል ጆንሰን ግስን ከእንዲህ ያሉ ቃላት ጋር ማጣመር ለባዕድ ሰው ትልቁ ችግር መሆኑን በመቅድሙ ጽፎታል። መቅድሙን ካነበብሁላቸው በኋላ ልጆቹ በእኔ ላይ የነበራቸው ቅሬታ ትንሽ ወደ እርሱ ዞረ።

ሌላውን ባጭሩ ልበለው። ስድስት የግድግዳ ጋዜጣ አቅደን አራት አወጣን። «ተርን ኢት ኦፍ»፣ አጥፋው፣ ትክክል ሆኖ «ተርን ኦፍ ኢት» ለምን እንደማያስኬድ፣ «ሉክ አፍተር ኢት»፣ ተንከባከበው፣ ደግሞ ለምን መሐሉ ተከፍቶ «ኢት»ን እንደማያስገባ ሚያዝያን ሙሉ ስንለማመድ ብዙዎቹ በጆሮ መለየት ጀምረዋል። ከሌላ ትምህርት ቤት ጋር የታሰበው ውድድር በፈተና ምክንያት ቀረ።

ግንቦት ላይ በየበሩ የተጻፈ እንግሊዝኛ ልንለቅም ወደ ኮምቦልቻ ወረድን። ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ግቢ በር ላይ «ፎር» የጎደለው «ዌይት ዘ ጋርድ» አግኝተን ልጆቹ እንደ ውድ ዕቃ ቀዱት። ስንመለስ መናኸሪያው ውስጥ የቆየ ጥያቄ አገረሸ። ታክሲ ላይ «ጌት ኢን» ይባላል፣ አውቶቡስ ላይ «ጌት ኦን»፤ ቆሞ መራመድ የሚቻልበት «ኦን» ይወስዳል ብለን ነበር። ለባጃጅ «ኢን» ላይ ተስማምተናል። ሚኒባስስ? ሁለቱም ይሰማል። አንዲት ልጅ አንድ እግሯን ደረጃው ላይ አድርጋ ወደ እኔ ዞራ «መምህር፣ ‹ኢን› ነው ‹ኦን›?» ስትለኝ፣ ከኋላዋ ሰው የተሰለፈበት ረዳት በሩን በመዳፉ መትቶ «እህቴ፣ ግቢ እንጂ! ግቢ!» አላት።

«‹ኢን› ነው» ብላ ገባች።