ስለዛች ባዶ ሳጥን፣ ከሁለት ዓመት በኋላ

እንዴት ነሽልኝ የኔ እህት፣

እሺ መጀመሪያ ተሳደቢ፣ ስትጨርሺ እቀጥላለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ድንገት ይሄን የሚያክል ደብዳቤ ሲደርስሽ ምን ሆና ነው እንደምትዪ አውቃለሁ፣ ምንም አልሆንኩም፣ ሁላችንም ደህና ነን፣ አሁንም አንደኛ ክፍል ነው የማስተምረው፣ ጉሮሮዬም አሁንም እንደተዘጋ ነው። አንቺስ? ልጅሽስ ስንተኛ ክፍል ደረሰ? በኔ ስሌት ሦስተኛ መሆን አለበት።

የጠፋሁበትን ምክንያት ልንገርሽና ሳቂብኝ። መጨረሻ ላይ የላክሽልኝን ፎቶ ታስታውሻለሽ? የልጅሽ ደብተር፣ 6 + 3 = ☐ + 4 የሚል ጥያቄ፣ ሳጥኗ ውስጥ 9 ብሎ ጽፎ በቀይ ኤክስ ተደርጎበት። "6 እና 3 ዘጠኝ አይደል እንዴ፣ ምኑ ነው የተሳሳተው፣ አስተማሪ ነሽ ንገሪኝ" ብለሽኝ ነበር። እኔ ደግሞ "ቸኩሎ ነው ባክሽ፣ ቀላል ነገር ነው" ብዬ ጽፌ ልልክልሽ ስል እስቲ ቆይ ብዬ በማግስቱ ያንኑ ጥያቄ ለራሴ ተማሪዎች ቦርድ ላይ ጻፍኩላቸው። ምን ልበልሽ። አብዛኞቹ 9። የቀሩት 13፣ ያገኙትን ቁጥር በሙሉ ጠርገው ደምረው። 5 ያለ አንድም ልጅ የለም! ስንት ዓመት አስተምሬ። አፈርኩ በቃ፣ ምን ብዬ ልመልስልሽ፣ ነገ ነገ ስል ሳምንት ሆነ፣ ወር ሆነ፣ ከዛ ደግሞ መዘግየቱ ራሱ አሳፈረኝ፣ ታውቂው የለ እንዴት እንደሚሆን።

እና ይኸውልሽ መልሱ። ልጅሽ መደመር አላቃተውም። ያልገባችው ያቺ ሁለት መስመር ናት። ለኛ = ማለት ግራና ቀኙ እኩል ነው ማለት ነው፣ ለነሱ ግን "በል አሁን መልሱን ጻፍ" የሚል ትዕዛዝ ነው፣ ልክ ካልኩሌተር ላይ እንዳለችው ቁልፍ፣ ስትጫኛት ቁጥር ይወጣል። ከየት አመጡት ብትዪኝ ከኛው! ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ 3 + 4 = ☐፣ 5 + 2 = ☐ ብቻ ነዋ የምንሰጣቸው፣ ሁሌ ጥያቄው በግራ መልሱ በቀኝ፣ ሺ ጊዜ እንደዛ ያየ ልጅ ከሳጥኗ ኋላ + 4 ሲያይ ወይ እንዳላየ ያልፈዋል ወይ እሱንም ደምሮ ይገላገላል። ኋላ ላይ ሳነብ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣ ጥናት 8 + 4 = ☐ + 5 የተሰጣቸው 145 የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሳይቀሩ 12 ወይም 17 ነው ያሉት። ስድስተኛ ክፍል እኮ ነው! ትንሽ ተጽናናሁ፣ አልዋሽሽም።

አንድ ነገር ግን የኛ የአማርኛው ጣጣ ይመስለኛል። ቦርድ ላይ ስናነበው ምን እንላለን? "6 ሲደመር 3 እኩል ይሆናል 9"። እኩል የምትለዋን ማንም አይሰማትም፣ ልጁ ጆሮ ውስጥ የምትቀረው "ይሆናል" ናት፣ ስድስትና ሦስት የሆነ ቦታ ገብተው ዘጠኝ ሆነው ሲወጡ ነው የሚታየው። ደግሞ በአማርኛ ግሱ ከመጣ ንግግሩ አለቀ አይደል፣ "ይሆናል" ካልሽ በኋላ የሚቀረው አንድ ቁጥር ነው እሱም መልሱ ነው፣ ከዛ ወዲያ ያለውን ማን ይሰማል። ስንጠይቃቸውም "ስንት መጣ?" ነው የምንለው፣ ከየት ነው የሚመጣው? አሁን እኔ ክፍል ውስጥ "ይሆናል" ቀርቷል፣ "6 ሲደመር 3 ያው 5 ሲደመር 4 ነው" ነው የምንለው። ያው። መጀመሪያ ሰው ቢሰማኝ ምን ይላል ብዬ ተሳቅቄ ነበር፣ ልጆቹ ግን በሳምንት ውስጥ ለመዱት።

የራሴንም ጥፋት ልናዘዝ። 3 ሲደመር 4፣ ከዛ 2 ጨምሩበት፣ ከዛ 1 ቀንሱ እያልኩ ቦርዱ ላይ እንዲህ ነበር የምጽፈው፦ 3 + 4 = 7 + 2 = 9 − 1 = 8። እስቲ ቀስ ብለሽ አንብቢው። 3 + 4 ከ7 + 2 ጋር እኩል ነው እያልኩ ነው እኮ፣ 7 እና 9 እኩል! በትልቁ፣ በማርከር፣ ለስንት ዓመት። አሁን እያንዳንዷን ለብቻዋ መስመር እሰጣታለሁ። ምልክቷን ያመጣት ሮበርት ሬኮርድ የሚባል የዌልስ ሰው ቢያየኝ ያዝን ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1557 "እኩል ነው" እያለ ደጋግሞ መጻፍ ሰልችቶት ነው፣ ሁለት ትይዩ መስመር የመረጠውም ከነሱ በላይ እኩል የሆኑ ሁለት ነገሮች የሉም ብሎ ነው። ለልጆቹ ስነግራቸው አንዱ "ሰውዬው ሰነፍ ነው?" አለኝ።

ታዲያ ምን አደረግሽ አትዪም? የልብስ መስቀያ። ከበሩ ጉበን ላይ በክር አንጠለጠልኩት፣ በሁለቱ ጫፍ የፕላስቲክ ኩባያ አሰርኩ፣ አንድ ዓይነት ቆርኪ ሰበሰብኩ። የመጀመሪያው ቀን ውርደት ነበር፣ ኩባያዎቹ ባዶ ሆነው ራሱ ወደ ግራ ያጋድላል፣ "ሚስ፣ የግራው ዜሮ ይበልጣል እንዴ?" አለኝ ያው ጉደኛ። ቀኙን በፕላስተር ቁራጭ አክብጄ አስተካከልኩት። ከዛ በግራ 6 ቆርኪና 3 ቆርኪ ከተትኩ፣ በቀኝ 4። ወደ ግራ ዝቅ አለ። "ስንት ልጨምር?" ስል እንደለመዱት "9!" አሉ። እሺ ብዬ አንድ በአንድ መክተት ጀመርኩ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስተኛዋ ላይ መስቀያው ቀጥ አለ። ክፍሉ ጭጭ። "ገና አራት ይቀረኛል አይደል?" ብዬ እጄን ወደ ቆርኪው ስሰድ ከኋላ የምትቀመጥ፣ ትንፍሽ የማትል ልጅ አለች፣ እሷ "ተይው! ያው ሆነ!" ብላ ጮኸች። በቃ እዛው ላለቅስ ነበር።

መስቀያው ብቻውን ግን አይበቃም፣ ወረቀት ላይ ሲመለሱ ይረሱታል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት አምስት ደቂቃ እውነት ወይስ ውሸት እንጫወታለን። 8 = 5 + 3 ስጽፍ "ውሸት፣ ተገልብጧል!" ይላሉ፣ 7 = 7 ስጽፍ ደግሞ "ጥያቄው የታለ?"። እርስ በርስ ሲጨቃጨቁ ነው የሚገባቸው፣ እኔ ዝም እላለሁ፣ ዝም ማለት እንዴት እንደሚከብደኝ ደግሞ አንቺ ታውቂያለሽ። ከወራት በኋላ እንዲያው ልሞክራቸው ብዬ 27 + 15 = 28 + ☐ ሰጠኋቸው፣ እንዲህ ያለ ትልቅ ቁጥር መደመር እንኳን አልተማሩም፣ ያ ጉደኛ ግን "14፣ ያኛው በአንድ ስለበለጠ ይሄኛው በአንድ ያንሳል" አለ። ሳይደምር!

ልቤ አብጦ ወደ መቀነስ ገባሁ። 9 − 2 = ☐ − 1። ያው ልጅ ፈጠን ብሎ "10!" አለ። ለምን ስለው "ያኛው በአንድ ስላነሰ ይሄኛው በአንድ ይበልጣል"። አየሽ፣ በመደመር የሠራለትን ብልሃት ነው ያመጣው፣ ዝም ብዬ ኤክስ ባደርግበት ምን ይገባዋል? በመደመር አንዱ ሲጨምር ሌላው ይቀንሳል፣ በመቀነስ ግን ሁለቱ አብረው ነው የሚወጡት የሚወርዱት፣ የምታወጪውን በአንድ ካሳነስሽ መነሻውም በአንድ ማነስ አለበት አለዚያ የሚቀረው ይበዛል። ይሄን በቃል ላስረዳቸው ስል ራሴም ተምታታብኝ፣ ልጆቹማ ተይው።

መልሼ መስቀያውን አወረድኩ። በግራ 9 አስቆጥሬ ከተትኩና 2 አወጣሁ። የቀኙን ኩባያ በጨርቅ ሸፈንኩት፣ ሳያዩኝ ቆርኪ ከተትኩበት፣ ከዛ እያዩኝ 1 አወጣሁ፣ ቀጥ አለ። "መጀመሪያ ስንት ነበረ?" ያ ጉደኛ ጨርቁን አያይም፣ እጄ ላይ ያለችውን አንዷን ቆርኪ ነው የሚያየው። "እዛ 7 ነው ያለው፣ እዚህም ያው 7 ነው፣ እሷን ስትመልሺያት... 8!" ከኔ ማብራሪያ ሁሉ ያቺ "ስትመልሺያት" ትበልጣለች፣ አሁን እኔም በሱ ቃል ነው የማስተምረው።

የልጅሽን ነገር ደግሞ እንዲህ አድርጊልኝ። 12 − 5 = ☐ − 3 ብለሽ ወረቀት ላይ ስጪው። 7 ካለ ያቺ ምልክት አሁንም ትዕዛዝ ናት ለሱ፣ 4 ካለ ያየውን ሁሉ ቀንሶ ነው፣ 14 ካለ በመደመሩ ብልሃት ሄዶ ነው፣ እሱ እንኳን ደህና ስህተት ነው፣ እያሰበ ነው ማለት ነው። 10 ካለ ሳሚልኝ። ብቻ መልሱን እንዳትነግሪው፣ እንዴት እንዳሰበው ጠይቂውና ያለውን ቃል በቃል ላኪልኝ፣ ፎቶም አንሺው። በዛው ቀን እመልስልሻለሁ፣ ካልመለስኩ ደውለሽ ጩኺብኝ።

ያቺው ጠፊዋ ጓደኛሽ