ቀዳዳ የሌለው ጎማ

ሃምቡርግ፣ ሐምሌ 12

ውድ ወንድሜ መስፍን፣

ሦስት ዓመት ሙሉ ዝም ያልኩበትን ምክንያት አልዘረዝርልህም፤ ብዘረዝረውም አታምነኝም፣ እውነትህንም ነው። የእትዬ አስካለን ዕረፍት የሰማሁ ዕለት ደውዬልህ፣ ገና ሳይጠራ ዘጋሁት። በማግስቱ ደግሞ «ትናንት ያልደወልኩ ዛሬ ምን ብዬ?» አልኩ። እንዲያ እንዲያ እያልኩ እዚህ ደረስኩ። ይቅር በለኝ። ስለ እርሳቸው ልጽፍ ጀምሬ ሁለት ወረቀት ቀድጃለሁና አሁን ልለፈው።

የጻፍኩልህ በውሃ ጉዳይ ነው። እንዳትስቅ። ትሪያትሎን ጀምሬያለሁ። ዋና፣ ብስክሌት፣ ሩጫ፣ ሦስቱንም ሳያርፉ በተከታታይ። እኔ የገባሁበት አጭሩ ነው፤ 750 ሜትር ይዋኛል፣ 20 ኪሎ ሜትር ብስክሌት ይነዳል፣ 5 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። አዎ፣ እኔው ነኝ፤ የገላ መታጠቢያ ባልዲ እንኳ በጥርጣሬ የማየው ሰው።

ጥፋቱ የዚህች ከተማ ነው። በየዓመቱ በዚህ ወቅት ሕዝቡ መሀል ከተማ ካለው ከአልስተር ውሃ እየዘለለ ይገባና በድልድይ ሥር አልፎ ማዘጋጃ ቤቱ አጠገብ ይወጣል። አምና ድልድዩ ላይ ቆሜ ሳይ አባቴን የሚያክሉ ሽማግሌ ክንዳቸው ላይ ቁጥር ተጽፎባቸው፣ ውሃው ከጺማቸው እየተንጠባጠበ፣ እየሳቁ ወጡ። ቀናሁባቸው። ክረምቱን በሙሉ ገንዳ ውስጥ ከሕፃናት ጋር ተማርኩ።

የሥራ ባልደረቦቼ ኢትዮጵያዊ ስለሆንኩ «በሩጫው ሁሉንም ትቀድማለህ» ይሉኛል። ቀነኒሳ በ1996 ዓ.ም. ሄንግሎ ላይ 5 ሺህ ሜትሩን በ12 ደቂቃ ከ37 ሰከንድ ጨርሶታል። እኔ እግሬ ትኩስ ሆኖ በ31 ደቂቃ ነው የምጨርሰው፤ ከብስክሌት ላይ ወርጄማ እግሬ የሰው እግር ይመስለኛል። ዋናውን አታንሳው። በ2008 ዓ.ም. ሮቤል ኪሮስ ሪዮ ላይ ሲዋኝ ሻይ ቤት ተቀምጠን የሳቅነውን ታስታውሳለህ? እሱ 100 ሜትሩን በ65 ሰከንድ ነው የዋኘው። እኔ ሦስት ደቂቃ ሊሞላኝ ጥቂት ነው የሚቀረኝ። ያን ሳቃችንን አሁን አሁን ሳስታውሰው ያሳፍረኛል።

እንግዲህ ወደ ነገሩ። በሰኔ ከከተማ ውጪ ባለ ትንሽ ሐይቅ የመጀመሪያውን ውድድር ተወዳደርኩ። ሁሉን ነገር ተዘጋጅቼበት ነበር። ሄልሜት ሳይታሰር ብስክሌቱን ከመስቀያው ማንሳት ያስቀጣል ስላሉኝ ሳሎን ውስጥ ሄልሜት ሳስርና ስፈታ ባለቤቴ ያበድኩ መስሏት ነበር። ያን ቀን ግን ሄልሜቱ ጋ አልደረስኩም።

ውሃው እንደ ሻይ የጠቆረ ነው። ፊትህን ስትነክር የገዛ እጅህ ክርን ላይ ይጠፋብሃል። ከጎማ የተሠራው የዋና ልብስ ያንሳፍፋል፣ ያሞቃል፤ አንገት ላይ ግን ያንቃል። ፊሽካው ተነፋ፣ የአንዱ ተረከዝ መነጽሬን መታው፣ አፌን ስከፍት ውሃ ገባ። ከዚያ እግሬን ወደ ታች ሰደድኩ፤ መሬት የለም። መስፍን፣ ባቦጋያ! ያ ሦስት እርምጃ ሄደን መሬቱ የከዳን ቦታ። ሃያ ምናምን ዓመት አልፎት እዚያው ሲጠብቀኝ ኖሯል።

ጠባቂዋ ልጅ በታንኳ መጣች። «ያዝና እረፍ፣ ወደ ፊት እስካልተጎተትክ ድረስ ይፈቀዳል» አለችኝ። ያዝኩ። ሁሉም አልፎኝ ሄደ። የመጀመሪያው ቢጫ ምልክት አርባ ሜትር ያህል ነው የሚርቀው። ጣቶቼን ላላቅቅ ብል እምቢ አሉኝ። በመጨረሻ እሷው ወደ ዳር መለሰችኝ።

አሁን ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርህ። ቤተሰቤ እቤት ነበር የሚጠብቀኝ። መኪና ማቆሚያው ጋ ስደርስ የብስክሌቴን የኋላ ጎማ አስተነፈስኩት። «ፈነዳብኝ» አልኩ። ባለቤቴ አዘነችልኝ፣ ሾርባ ሠራችልኝ። በማግስቱ የዘጠኝ ዓመት ልጄ ጎማውን ነፍቶ፣ ባልዲ ውስጥ ነክሮ አረፋ ፈለገ፤ ከዚያ ቀና ብሎ «አባዬ፣ ቀዳዳ የለውም እኮ» አለኝ። ምንም አልመለስኩለትም። እሱም ሁለተኛ አልጠየቀኝም። ይኸው አንድ ወሩ፤ ባልዲዋን ባየሁ ቁጥር ጆሮዬ ይግላል።

ውሸት ከተነሳ ይህንንም ስማ፤ እዚህ ለሰው ሳወራ ባቦጋያ ላይ ያወጣሁህ እኔ ነኝ። አንዴ እንዲያ ብዬ ጀመርኩትና ወግ ሆኖ ቀረ። ልጄም የሚያውቀው እንደዚያ ነው። ስድብህን እጠብቃለሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ እሁድ ጠዋት፣ እዚያው ሐይቅ ሌላ ውድድር አለ። ተመዝግቤያለሁ፤ ልጄም ሊያየኝ ይመጣል። የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ያን ቀን አንገትህን አንቄ ሁለታችንም ስንሰምጥ ጆሮዬ ላይ የሆነ ነገር ብለኸኝ ለቀቅኩህ። ምን ነበር ያልከኝ? ቃሉ ጠፍቶብኛል፤ ድምፅህ ብቻ ነው የቀረኝ። ስድብም ከሆነ እንዳለ ጻፍልኝ።

ከሥራ ስለ መውጣቴና ስለ ሌላው ሌላ ጊዜ። እናንተስ ደህና ናችሁ? ቤቱን ሸጣችሁት የሚባለው እውነት ነው?

ደግሞ... የእትዬ አስካለ ጋቢ እኔ ጋ ነው። ያን ቀን እየተንቀጠቀጥኩ ያለበሱኝ። ለአባቴ ሳይነግሩብኝ፣ ጋቢውንም ሳይጠይቁኝ ኖሩ። በሰኔ ከሐይቁ ስወጣ የለበስኩት እሱን ነው። ልላክልህ ወይስ እኔ ዘንድ ይቆይ?

ያንተው፣
ሰሎሞን