ኤርፎኑን ከመውቀሳችን በፊት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ

ባለፈው ሳምንት ወጣቱ ጆሮው ላይ በሰካው ነገር ምክንያት ከቤተሰቡም ከጎረቤቱም እየተለየ ነው የሚል ጽሑፍ አውጥታችኋል። አነበብኩት፣ ልጆቼም አነበቡት፣ ቤት ውስጥ በደንብ ተከራከርንበት። እኔ አልስማማም።

ይህ ክስ በስልክ ዘመን የመጣ አይደለም። በኪስ በሚያዘው የካሴት ማጫወቻ፣ በዎክማንም ላይ ተነስቷል። ሶኒ የመጀመሪያውን ዎክማን ጃፓን ውስጥ ለገበያ ያወጣው እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 1979 ሲሆን ዋጋው 33,000 የን ነበር። ካሴት ያጫውታል እንጂ አይቀዳም። የማይቀዳ ቴፕ ማን ይገዛል ያሉ ሰዎች ኩባንያው ውስጥ ሳይቀር ነበሩ። መጀመሪያ የተመረተው 30,000 ግን ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላው ተሸጦ አለቀ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ ያ ዎክማን የማዳመጫ መሰኪያው ሁለት ነበር። ከሶኒ መሥራቾች አንዱ አኪዮ ሞሪታ እንዳወጉት፣ ቤታቸው ወስደው ሲሞክሩት ባለቤታቸው አጠገባቸው ተቀምጠው ሳለ እንደተገለሉ ተሰምቷቸው ተከፉ። ስለዚህ ለሁለት ሰው እንዲሆን ተደረገ። አንድ ብርቱካናማ ቁልፍም ነበረው፤ እሱን ሲጫኑት ዘፈኑ ዝቅ ይልና ሁለቱ ሰዎች ማዳመጫውን ሳያወልቁ በትንሽ ማይክሮፎን ይነጋገራሉ። ሰው ብቻውን ይቀራል የሚለውን ስጋት እንግዲህ የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ቀድመው አስበውበት ነበር። ገዢው ግን አልፈለገውም። ሁሉም ለየራሱ መግዛት ጀመረ፣ ቁልፉም እ.ኤ.አ. በ1981 ከወጣው ዎክማን ላይ ተነሳ።

ከዚህ ታሪክ እኔ የምረዳው፣ ሰው ለትንሽ ሰዓት ለብቻው መሆን በጣም ያምረው እንደነበር ነው። እስቲ እኛን ተመልከቱ። ስድስት ሰው በአንድ ክፍል በሚያድርበት ቤት፣ ቴሌቪዥኑ ሲጮህ፣ ቡና ሲፈላ፣ እንግዳ ሲገባና ሲወጣ፣ ለፈተና የምታጠና ልጅ የራሷ የምትለው ቦታ የት አላት? ኤርፎኗን ስታደርግ ሰው ጠላች ማለት ነው? አይደለም። በር የሌላት ልጅ በሯን ዘጋች፣ በቃ።

ደግሞ እኛ ጋ ዎክማን ሰው ሲለያይ አላየሁም። መጀመሪያ ነገር የጥቂቶች ነበር፤ ብዙውን ጊዜ ከውጭ የመጣ ዘመድ ነው ይዞት የሚመጣው። ያለው ልጅ ከሌለው ጋር አንድ አንድ ጆሮ ተካፍሎ ይሰማ ነበር። ክሩ ሲጠመጠም በእስክሪብቶ ማጠንጠን፣ ያለቀ ባትሪ ድንጋይ ፀሐይ ላይ አስጥቶ እንደገና መሞከር፣ እነዚህ ሁሉ በጋራ የሚሠሩ ሥራዎች ነበሩ። ካሴት ደግሞ ለዘፈን ብቻ አልነበረም። ዓረብ አገርም ሆነ አሜሪካ የሄደ ልጅ ድምፁን ቀድቶ ይልካል፣ መጻፍ የማትችል እናት መልሷን በራሷ አንደበት ቀድታ ትመልሳለች፣ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ይሰማል፣ ይለቀሳል። ይህን ያደረገው ያው የምንወቅሰው ቴክኖሎጂ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የአፕል ሙዚቃ ማጫወቻ አይፖድ እ.ኤ.አ. በ2001 መጣ፣ «1,000 ዘፈን በኪስ» ተባለ፣ እኛ ጋ አንገት ላይ የሚንጠለጠለው ርካሽ ኤምፒ3 በዛ፣ ቀጥሎ ሁሉም ነገር ስልክ ውስጥ ገባ። አይፖድ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2022 መመረቱ ቆመ።

አሁን ታክሲ ውስጥ እኔን የሚያስቸግረኝ ኤርፎን ያደረገው ልጅ አይደለም። ስልኩን ከፍቶ ቪዲዮውን ለሙሉ ታክሲ የሚያሰማው ሰው ነው። አጠገቡ አዛውንት ይኑሩ፣ የታመመ ሰው ይኑር፣ ሐዘንተኛ ይኑር ግድ የለውም። ኤርፎን ያደረገው ልጅ እኮ ለሌላው አስቦ ነው።

ጽሑፋችሁ ያልነካው እውነተኛ ጉዳት ግን አለ፤ እሱም የድምፁ መጠን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ያስቀመጠው የማዳመጫ ልክ በሳምንት 40 ሰዓት፣ ያውም በ80 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ነው። ድምፁ 90 ከደረሰ ግን በሳምንት ወደ 4 ሰዓት ብቻ ይወርዳል። ልጆቻችን ታክሲ ውስጥ የሾፌሩን ሙዚቃ ለማሸነፍ ሲሉ ድምፁን እስከ መጨረሻ ይከፍቱታል፣ ጠዋትና ማታ፣ በየቀኑ። በዚህ የተጎዳ የውስጥ ጆሮ ሕዋስ ተመልሶ አይተካም። ችግሩ ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ልጁ ራሱ አያውቀውም፣ መምህሩም አይሰማም ብሎ ይቆጣዋል።

ስለዚህ ዝግጅት ክፍሉን የምጠይቀው በሚቀጥለው ዕትም አንድ የጆሮ ሐኪም እንድታነጋግሩልን ነው። ስልክ ላይ የድምፅ ገደብ እንዴት እንደሚደረግ፣ የትኛው ምልክት ሲታይ ልጅን ወደ ሐኪም መውሰድ እንደሚገባ፣ ምርመራውስ የት እንደሚገኝ በግልጽ ጻፉልን። እኔ የልጆቼን ስልክ ገደብ አስተካክዬላቸዋለሁ፤ ኤርፎኑን ግን አልነጠቅኳቸውም።

አንባቢያችሁ
ከአዲስ አበባ